ሁለት ፋይል ይዘን ጎንደር

ከአዲስ አበባ ጎንደር በአውሮፕላን አንድ ሰዓት ያህል ነው። አዘዞ ወርደን ወደ ፒያሳ ስንወጣ የሐምሌ ዝናብ መንገዱን ይዞት ነበር። የያዝነው ሁለት ፋይል ነው፤ አንዱ የባለቤቴ፣ አንዱ የእኔ። ጎንደር ሕክምና ተምረው አሜሪካ ለሬዚደንሲ (ለሐኪሞች የስፔሻሊቲ ሥልጠና) አብረው ለሚያመለክቱ ጥንዶች ሥራው የሚጀምረው እዚሁ ከተማ፣ ሬጅስትራሩ መስኮት ላይ ነው።

ሐምሌን የመረጥነው በምክንያት ነው። የሬዚደንሲ ፕሮግራሞቹ ማመልከቻ ማንበብ የሚጀምሩት ከመስከረም አጋማሽ ግድም ነው። ነሐሴ ማለቂያ ላይ ለሚመጣ ሰው ጳጉሜን፣ እንቁጣጣሽና መስቀል ተደራርበው ይጠብቁታል፤ አንድ ፈራሚ ፈቃድ ከወጣ ሳምንት ያልፋል። ጥር ደግሞ አይታሰብ። ጥምቀት ደርሶ የፋሲል መዋኛ በቀሃ ወንዝ ውሃ ሲሞላ ከተማው ውስጥ አልጋ አይገኝም።

ትራንስክሪፕቱንና የዲኑን ደብዳቤ ተቀብሎ መሮጥ አይገባም፤ እዚያው ቆሞ ማንበብ ነው። መጀመሪያ ስም። ፓስፖርት ላይ በ«ቲ ኤስ» የተጻፈ ፀሐይ ዲፕሎማ ላይ በ«ቲ ዜድ» ከመጣ፣ የውጭ አገር ሐኪሞችን ማስረጃ የሚያጣራው የአሜሪካ ተቋም ኢሲኤፍኤምጂ ዘንድ ሁለት ሰው ሆኖ ሊታይ ይችላል። ቀጥሎ ዘመን። በ2010 ዓ.ም. ሐምሌ የተመረቀ ሰው በፈረንጆቹ የ2018 ምሩቅ ነው። ወረቀቱ ላይ «2010» ብቻ ተጽፎ የየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ካልተገለጸ፣ አንባቢው ስምንት ዓመት ይጨምርበታል። ከተመረቁ ብዙ ዓመት የሆናቸውን ሳያነቡ የሚያልፉ ፕሮግራሞች ስላሉ ይህች ቁጥር ቀላል አይደለችም። ከዚያ የትምህርት ቤቱ ስም። እ.ኤ.አ. በ1954 የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሆኖ የተጀመረው ተቋም በኋላ የሕክምና ሳይንስ ኮሌጅ፣ ዛሬ ደግሞ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ነው። ፎርም ላይ የሚሞላው በዓለም አቀፉ የሕክምና ትምህርት ቤቶች መዝገብ ላይ ያለው ስም ነው።

ሁሉም ነገር በሁለት ይባዛል። የአንዱ ፋይል ተሟልቶ የሌላው ከዘገየ ጥንዱ ዘገየ ማለት ነው።

ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ሲያባራ የፋሲል ግቢን አጥር ተከትለን ወደ ፒያሳ ተመለስን። ማኪያቶ አዘን ባለ መስመር ደብተር ገለጥን፤ በግራ የእሷ፣ በቀኝ የእኔ። አመልካቾችንና ፕሮግራሞችን በኮምፒዩተር የሚያገናኘው ምደባ ማች ይባላል፤ የጥንዶች ማች ልቡ ይህ ደብተር ነው። ሁለቱም በየራሳቸው አካውንት ተመዝግበው ከዚያ እንደ ጥንድ ይያያዛሉ። መጋባት ግዴታ አይደለም፤ አንድ ዓይነት ስፔሻሊቲ መምረጥም እንዲሁ። የሁለቱ ራንክ ሊስት (የፕሮግራም ምርጫ በቅደም ተከተል የሚጻፍበት ዝርዝር) የረድፍ ቁጥር እኩል መሆን አለበት፤ የእሷ 5ኛ ረድፍና የእኔ 5ኛ ረድፍ አንድ ምርጫ ናቸው። ኮምፒዩተሩ ከላይ ወደ ታች እየወረደ ሁለቱም ቦታ ያገኙበት የመጀመሪያው ረድፍ ላይ ይቆማል። እሷ ቺካጎ አግኝታ እኔ በዚያው ረድፍ ካላገኘሁ ረድፉ ይታለፋል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ከዚህ በኋላ ነው። ጥንዱ ካልተሳካ ሲስተሙ በየግላችን ይሞክርልናል ብለው ያስባሉ። አይሞክርም። አንዳችን ብቻ ብንገባም ይሁን የምትሉ ከሆነ ራሳችሁ መጻፍ አለባችሁ፤ በአንዱ በኩል ፕሮግራሙን፣ በሌላው በኩል «ቦታ የለም» የሚለውን ዘጠኝ ጊዜ 9 የሆነ ኮድ። እነዚህ ረድፎች ከታች ይቀመጣሉ። «እሷ ብቻ» የሚለውን ረድፍ በእጅ መጻፍ ከባድ ነው፤ የመጨረሻው ሳምንት ላይ ተጨናንቆ ከመወሰን ግን ኢንተርቪው ሳይጀመር ተቀምጦ መነጋገር ይሻላል።

ሂሳቡን እዚያው ሠራነው። እያንዳንዳችን 10 ፕሮግራም ቢኖረን 10 በ10 መቶ ረድፍ ነው፤ «አንዳችን ብቻ» የሚሉት 20 ሲጨመሩ 120። በ16 ፕሮግራም 256 እና 32፣ ማለትም 288 ይሆናል። በ17 ግን 323 ይደርሳል፤ ጣሪያው 300 ነው። ያኔ ሊሰረዝ የሚገባው በሁለት የአገሪቱ ጫፎች የሚለያያችሁ ጥምረት ነው፤ የታችኞቹን ረድፎች ግን አትንኩ። የእኛ ቅደም ተከተል ይህ ነው፤ አንድ ከተማ፣ ከዚያ በመኪና ደርሶ መልስ የሚቻል፣ ከዚያ ሩቅ፣ ከዚያ አንዱ ብቻ። በሁለተኛው ዓመት የሚጀምር ስፔሻሊቲ የመረጠ ደግሞ ለመጀመሪያው ዓመት የሚሞላው ተጨማሪ ሊስት በጥንድ እንደማይያያዝ ይወቅ።

የእኛ አገር ስም አንድ ችግር አለው። አሜሪካኖቹ ጥንድ የሚጠረጥሩት የቤተሰብ ስም ሲመሳሰል ነው፤ የእኛ ሴት ግን አግብታም በአባቷ ስም ትጠራለች። ስለዚህ ማመልከቻው ላይ ጥንድ መሆናችሁን መሙላትና የአጋራችሁን ስም መጻፍ አትርሱ። አንዱ ኢንተርቪው ሲጠራ ሌላው እዚያው ከተማ ላሉ ፕሮግራሞች አጭር ኢሜይል ይጻፍ። ቪዛውንም በረድፍ በረድፍ አዩ፤ ጄ-ዋን የሚባለውን የልውውጥ ቪዛ ብቻ የሚቀበል ፕሮግራም አለ፤ ለጄ-ዋን ደግሞ እያንዳንዳችሁ ከጤና ሚኒስቴር የየራሳችሁ ደብዳቤ ያስፈልጋችኋል።

ሊስቱ የሚዘጋው በየካቲት ማለቂያ ገደማ፣ በእነሱ ከምሽቱ 9 ሰዓት፣ በእኛ ሲነጋጋ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ነው። መብራትና ኔትወርክ ለዚያ ሰዓት አይታመኑም። በዋዜማው ሁለታችሁም ጎን ለጎን ተቀምጣችሁ ረድፍ በረድፍ እያነበባችሁ አመሳክሩ፤ አንድ ረድፍ ከተንሸራተተ ከሥሩ ያለው ጥምረት ሁሉ ይዛባል። ከዚያ እያንዳንዳችሁ የየራሳችሁን ሊስት ሰርቲፋይ አድርጉ፣ ማለትም አረጋግጣችሁ አጽድቁ፤ አንዱ ለሌላው አያደርግለትም። ቦታ ሳይገኝ ቀርቶ ወደ ሶፕ (ሳይሞሉ ለቀሩ ቦታዎች ወደሚመለከትበት ዙር) ከተገባ ጥንድነት እዚያ የለም፤ እያንዳንዱ ለብቻው ነው።

በማግስቱ ወደ አዘዞ ከመውረዳችን በፊት ፒያሳ ሁሉንም ገጽ በቀለም ስካን አስደረግን፤ የውጤት አሰጣጡ ማብራሪያ ያለበትን የትራንስክሪፕቱን ጀርባ ጭምር። ዋናዎቹን በፕላስቲክ ጠቅልለን የእሷን በእኔ ቦርሳ፣ የእኔን በእሷ ቦርሳ ከተትን።