መስከረም 20 እና ሴፕቴምበር 20

የመጀመሪያ እርግዝናዬ ነው። የማስተምረው መንዝ ውስጥ ነው። የካቲት መጀመሪያ ላይ ጤና ጣቢያችን ባለችው ትንሽ አልትራሳውንድ ሲያየኝ አዋላጁ ዝም አለ። በዚያ ብርድ ላይ ጄሉ ሆዴ ላይ በረዶ ሆኗል፣ እሱ ደግሞ አይናገርም። ቆይቶ፣ «መምህርት፣ የእንግዴ ልጁ ዝቅ ያለ ይመስለኛል። ፅንሱም ከቀኑ አንሷል። ስፔሻሊስት ቢያየው ጥሩ ነው» አለኝ።

ለስፔሻሊስት ደብረ ብርሃን መውረድ ነው። መንገዱ ግን አንዴ ይከፈታል፣ አንዴ ይዘጋል። አብራኝ የምታስተምር ጓደኛዬ አዲስ አበባ ያለች የማህፀንና ፅንስ ሐኪም ስልክ ሰጠችኝ። ደወልኩ፤ በቴሌብር ከፈልኩ፤ ምስሉን በቴሌግራም ላኩልኝ አለች።

አዋላጁ ስክሪኑን በስልኩ ፎቶ አንስቶ ላከ። መልሷ «እኔ የሚታየኝ አምፖላችሁ ነው» የሚል ነበር። መብራት አጥፍተን ደገምን። አሁንም ደበዘዘ፤ ለካ ቴሌግራም ፎቶ ሲልክ ጥራቱን ይቀንሳል፣ በፋይል መላክ ነበረብን። እሷ ግን ፎቶውን ተዉትና በቪዲዮ እንገናኝ አለች። ኔትወርኩ የሚሻለው ማለዳ ስለሆነ ለየካቲት 10፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተቃጠርን።

የማህፀን በር በደንብ እንዲታይ ሽንቴን ይዤ እንድመጣ ነግራኛለች። እኔም ጎበዝ ተማሪ ነኝና አንድ ሊትር ተኩል ውሃ ጠጣሁ። ስልኩን ደብተር ደርድረን ስክሪኑ ፊት አቆምነው። ገና ከማየቷ፣ «ኧረ ፊኛሽ ከልክ በላይ ሞልቷል፣ ያሳስተናል። ግማሹን ሸንተሽ ነይ» አለች። ግማሹን ሸንቶ ማቆም ምን እንደሆነ የሞከረ ያውቀዋል።

ስመለስ ሥራው ተጀመረ። «ወንድሜ፣ ወደ ታች አዘንብለው... እዚያው ያዘው... አሁን ለካ።» የእንግዴ ልጁ ጫፍ ከማህፀን በር ያለው ርቀት 2 ሴንቲ ሜትር አይሞላም። ዝቅ ማለቱ እውነት ነው። በሩን ግን አልሸፈነም።

ከዚያ ወደ ፅንሱ። ማሽኑ 21 ሳምንት ከ3 ቀን ይላል፤ የልጁ ልክ ግን 20 ሳምንት ነው። ሆዴ ባባ። ዶክተሯ፣ «የወር አበባሽ ለመጨረሻ ጊዜ የመጣው መቼ ነው? በእኛ አቆጣጠር ንገሪኝ» አለችኝ። መስከረም 20። «ማሽኑ ላይስ ምን ሞላችሁ?» አዋላጁ አየና አንገቱን ደፋ። ሴፕቴምበር 20! መስከረም 20 በፈረንጅ ሴፕቴምበር 30 ነው። ልጄ አሥር ቀን ያነሰው ካላንደር ላይ ነበር። ሦስት ሌሊት እንቅልፍ ያጣሁት ለዚህ ነው። ነፍሰ ጡር ከሆናችሁ ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር ጽፋችሁ ሂዱ፣ ሲሞላም አጠገቡ ቁሙ።

ዶክተሯን የወደድኳት ግን የስልክን ልክ ስለምታውቅ ነው። «ደም ካየሽ፣ ባያምሽም፣ ለእኔ እንዳትደውዪ፤ በቀጥታ ሆስፒታል ሂጂ። የእንግዴ ልጁ ዝቅ ያለ ነው ብለሽም ቅድሚያ ንገሪያቸው፣ በጣት እንዳይመረምሩሽ። 32 ሳምንት ላይ ደግሞ ደብረ ብርሃን ወርደሽ በአካል ትታዪያለሽ» አለችኝ። በዚህ ወር ዝቅ ያለ አብዛኛውን ጊዜ የማህፀኑ ታችኛ ክፍል ሲለጠጥ ከበሩ እየራቀ ይሄዳል ብላ አጽናናችኝ።

ለእማዬ ነገርኳት። «በስልክ ሆድ ውስጥ ይታያል?» ብላ አማተበች። ግንቦት 1 ንፍሮዋን ቀቅላ፣ ልደታን ለምና፣ ግንቦት 4 ደብረ ብርሃን ይዛኝ ወረደች። መንገዱ በዚያ ሳምንት ክፍት ነበር። ሐኪሙ ለካና 3 ሴንቲ ሜትር ተኩል ርቋል አለ። ማህፀኑ ስለተለጠጠ ነው ብዬ ላስረዳት ሞከርኩ።

«ልደታ ናት የለጠጠችው» አለችኝ።