የስሚ ስሚ ጥቆማ መሪን ለመመርመር ይበቃል?

አንድ መሪ ሥልጣኑን ያለ አግባብ ተጠቅሟል የሚል ጥቆማ ሲመጣ ቀድሞ የሚሰማው ተቃውሞ «ጠቋሚው በዓይኑ አላየም፤ የስሚ ስሚ ነው» የሚለው ነው። ይህ ተቃውሞ ችሎት ፊት ትልቅ ክብደት አለው። ምርመራ ይከፈት ወይስ አይከፈት በሚባልበት ደረጃ ግን ቦታው አይደለም። መሪ ቢሮ ውስጥ የተደረገውን የሚያዩት የበታቾቹ ናቸው። ያየ ሰው ካልመጣ ፋይል አይከፈትም ካልን፣ የምርመራውን ቁልፍ እንጀራቸው በተጠርጣሪው እጅ ላለ ሰዎች ሰጠን ማለት ነው። የእኛው የ1954 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ እንኳ በአንቀጽ 11 ወንጀሉ ሲፈጸም ያየም ያላየም ሰው የማመልከት መብት እንዳለው ይደነግጋል።

የ2019ኙን የዋሽንግተን ጉዳይ እንመልከት (ከዚህ በታች ያሉት ቀኖች እ.ኤ.አ. ናቸው)። ኦገስት 12 አንድ የአሜሪካ የስለላ ባልደረባ፣ ፕሬዚዳንት ትራምፕ ጁላይ 25 ከዩክሬኑ ፕሬዚዳንት ዘለንስኪ ጋር ስላደረጉት የስልክ ንግግር አቤቱታ አቀረቡ፤ ትራምፕ የፖለቲካ ተቀናቃኛቸው ጆ ባይደን እንዲመረመሩ ዘለንስኪን ጠይቀዋል የሚል ነበር። አብዛኛውን ነገር ራሳቸው እንዳላዩ፣ ከሥራ ባልደረቦች እንደሰሙ እዚያው ጽፈዋል። አቤቱታውን የተቀበሉት የስለላ ተቋማቱ ውስጣዊ ተቆጣጣሪ (ኢንስፔክተር ጄኔራል) ማይክል አትኪንሰን ለመወሰን 14 ቀን ነበራቸው። የተጠየቁትም አቤቱታው የሚታመን ይመስላል ወይ የሚለውን ብቻ ነበር። ጠቋሚው የፖለቲካ ዝንባሌ ሊኖራቸው እንደሚችል የሚጠቁም ምልክት ማየታቸውን በደብዳቤያቸው ገለጹ፤ ያም ሆኖ አቤቱታውን የሚታመን ነው አሉ። ልክ ነበሩ ብዬ አምናለሁ፤ የጠቋሚ ዝንባሌ አጥብቆ ለማጣራት ምክንያት ይሆናል እንጂ ላለማጣራት አይሆንም።

ጥቆማውን ከተራ ወሬ የለየው በሰነድ ሊጣራ መቻሉ ነው። ንግግሩ የተደረገበት ቀን ተጽፏል። ምን እንደተጠየቀ ተጽፏል። የንግግሩ ጽሑፍ ከተለመደው የኮምፒውተር ሥርዓት ወጥቶ ወደ ሌላ መዛወሩም ተጽፏል። ሴፕቴምበር 25 ዋይት ሀውስ የንግግሩን ማስታወሻ ይፋ ሲያደርግ የአቤቱታው ዋና ነገር ከማስታወሻው ጋር ገጠመ።

እንዲህ ያለ ጥቆማ ሲደርስ ጽሑፉን ዐረፍተ ነገር በዐረፍተ ነገር መበተን ያስፈልጋል። በየዐረፍተ ነገሩ ማን አየ፣ ለማን ነገረ፣ መቼ ነገረ? በዚያው ቀን የተነገረና ከሦስት ወር በኋላ የተነገረ እኩል አይመዘኑም። ብዙ መርማሪ የሚሳሳተው ቆጠራ ላይ ነው። ሦስት ሰዎች አንድ ነገር ቢናገሩም ሦስቱም የሰሙት ከአንድ ሰው ከሆነ ምንጩ አንድ ነው። አምስት ጋዜጦች ቢጽፉትም አምስቱም ስሙ ያልተጠቀሰ አንድ ባለሥልጣን ዘንድ የሚደርሱ ከሆነ እንደዚያው።

ከዚያ ምስክር ከመጥራት በፊት ሰነድ ማስያዝ ይቀድማል፦ የስልክ መዝገብ፣ የእንግዶች መዝገብ፣ ደብዳቤ፣ የክፍያ ትእዛዝ። የመጀመሪያው ምስክር ተጠይቆ ሲወጣ ወሬው ቢሮውን ያዳርሳል። ሰነድ ይጠፋል፣ ቃልም ይመሳሰላል።

ያየ ሰው ሲገኝም ቃሉ ሁሉ የዓይን ምስክርነት አይደለም። በዚሁ በትራምፕ ጉዳይ፣ በአውሮፓ ኅብረት የአሜሪካ አምባሳደር የነበሩት ጎርደን ሶንድላንድ ኖቬምበር 20 ምክር ቤት ቀርበው ሲመሰክሩ፣ ከፕሬዚዳንቱ ጋር በቀጥታ የተነጋገሩ ሰው ነበሩ። አሜሪካ ለዩክሬን የምትሰጠው ወታደራዊ ርዳታ መታገድ ከተጠየቀው ምርመራ ጋር የተያያዘ ነው ያሉት ግን በራሳቸው ግምት እንደሆነ ተናግረዋል። ይህን ከሌላው ቃላቸው ለይቶ መመዝገብ የመርማሪው ሥራ ነው።

በስሚ ስሚ መክፈት ይቻላል፤ እዚያው መቆም ግን አይቻልም። የዓለም አቀፉ የወንጀል ፍርድ ቤት ሕግ ደረጃውን ከፍ እያደረገ ይሄዳል፦ ምርመራ ለመክፈት አሳማኝ መነሻ፣ ክስ ለማጽደቅ ከዚያ የጠነከረ ማስረጃ፣ ጥፋተኛ ለማለት ከምክንያታዊ ጥርጣሬ በላይ የሆነ። የቀድሞው የአይቮሪ ኮስት ፕሬዚዳንት ሎራን ባግቦ ሄግ ከተወሰዱ ከአንድ ዓመት ተኩል በኋላ፣ ጁን 3 ቀን 2013፣ ዳኞቹ በድምፅ ብልጫ ክሱን ከማጽደቅ ተቆጥበው ዐቃቤ ሕጓን ተጨማሪ ማስረጃ ጠየቁ። ቅሬታቸው በመንግሥታዊ ያልሆኑ ድርጅቶች ዘገባዎችና በጋዜጣ ጽሑፎች ላይ እጅግ መመካቷ ነበር፤ ስሙ ያልታወቀ ምንጭ መስቀለኛ ጥያቄ ሊቀርብለት አይችልምና። ክሱ በ2014 ቢጸድቅም ባግቦ ጃንዋሪ 15 ቀን 2019 ማስረጃው አልበቃም ተብለው በነጻ ተሰናበቱ።

ስለዚህ ፋይሉ በተከፈተበት ዕለት ከእያንዳንዱ የስሚ ስሚ ዐረፍተ ነገር ጎን ያየው ሰው ወይም ሰነዱ የት እንደሚገኝ፣ ማን እንደሚያመጣውና እስከ መቼ እንደሆነ ይጻፍ። ቀኑ ደርሶ ካልተገኘ ያ ዐረፍተ ነገር ክሱ ውስጥ አይግባ።