ቁም ሳጥኑና ኮርኒሱ

ቁም ሳጥን ልገዛ ስወጣ የያዝኩት ልክ አንድ ብቻ ነበር፤ የግድግዳው ስፋት፣ 1 ሜትር ከ80። ስለ ቁመት ሻጩም አልጠየቀኝ፣ እኔም አላነሣሁ።

የተከራየሁት ቤት ኮርኒሱ ዝቅ ያለ ነው፤ በኋላ ስለካው 2 ሜትር ከ25 ሆነ። የቁም ሳጥኑ ቁመት 2 ሜትር ከ20፣ ጥልቀቱ 60 ሳንቲ ሜትር። ይገባል እኮ! ሠራተኞቹ ወለል ላይ አስተኝተው ገጣጥመው ሊያቆሙት ሲሉ ግን የላይኛው ማዕዘን ኮርኒሱን ነክቶ አልነሣም አለ። ለካ ተኝቶ የሚነሣ ዕቃ ከማዕዘን እስከ ማዕዘን ይለካል፤ የእኔው 2 ሜትር ከ28 ነው። ለ3 ሳንቲ ሜትር ሲባል ሁሉም ተፈታ፤ ጎኖቹ መጀመሪያ ቆመው እንደገና ተገጠመ። የተሠራበት ኤምዲኤፍ (ተፈጭቶ የተጨመቀ እንጨት) ደግሞ ብሎኑ ሲወጣና ሲገባ አይወድም። የግራው በር ማጠፊያ እስከ ዛሬ ይላላል፤ ካቻቢቴዬ ከካልሲዎቼ ጋር መሳቢያ ውስጥ ይኖራል።

60 ጥልቀቱ ግን አልቆጨኝም። እዚያው ሱቅ 45 የሆነ ረከስ ያለ ነበር፤ ኮቴን ሰቅዬ ብሞክረው እጅጌው በሩ ላይ ተቀረቀረ። የሚቆጨኝ ሁለት ዘንግ ያለውን መውሰዴ ነው። የባለቤቴ የሐበሻ ቀሚሶች መሰቀል አይስማማቸውም፤ ጥለቱ ይከብድና ሸማውን ይጎትተዋል። ተጣጥፈው ነው የሚቀመጡ። ጋቢውም፣ ብርድ ልብሱም መደርደሪያ ይፈልጋል። እኔ ግን መስታወቱን አይቼ ገዛሁ።

መጀመሪያ ያቆምኩት ከውጭው ግድግዳ ጋር አጣብቄ ነበር። ሐምሌ አጋማሽ ላይ በሩን ስከፍት የጓዳ ሽታ ተቀበለኝ፤ የጥቁር ኮቴ ኮሌታ ነጭ ሻጋታ አብቅሏል። አከራያችን እትዬ መጥተው አዩና፣ «ያ ግድግዳ እኮ ክረምት ከክረምት ያልበዋል፤ ማን አስጠጋው አለህ?» አሉ። ወደ ውስጠኛው ግድግዳ አዛወርነው፤ ከኋላው አራት ጣት ያህል ክፍተት ተውኩለት። ወለል ሲታጠብ እግሩ ውሃ እንዳይጠጣ ከሥሩ ጣውላ አነጠፍኩ፤ ወደ ፊት እንዳያዘነብልም በውሃ ልክ እያየሁ ሽብልቅ ከተትኩ።

የ3 ዓመቱ ልጄ መሳቢያዎቹን እንደ ደረጃ ሲወጣባቸው ያገኘሁት ከዚያ በኋላ ነው። በዚያው ቀን ከግድግዳው ጋር የማስርበት ብረት ገዝቼ እትዬን ለማስፈቀድ ሄድኩ።

«ሁለት ቀዳዳ ብቻ» አሉኝ። «ስትለቅ በጂፕሰም ትደፍናለህ።»