ከዱካው ሥር

ሸዋ ሮቢት ላይ የወባ ርጭት ሲመጣ ሥራው የሚጀምረው ከፓምፑ አይደለም። ከዕቃ ማውጣት ነው። አልጋው፣ መሶቡ፣ ጀሪካኑ፣ የእህል ጆንያው ሁሉ ደጅ ይወጣል። ሰዉ ርጭቱን አሁንም «ዲዲቲ» ነው የሚለው፤ ኬሚካሉ ከተቀየረ ግን ቆይቷል። እኔ ያኔ የአንዱ ቡድን ተቆጣጣሪ ነበርኩ።

አንድ ቤት ውስጥ ረጪያችን ጮኸ። «አለቃ! ና ቶሎ!» ገባሁ። ግድግዳው ላይ መዳፍ የምታህል ጠፍጣፋ ሸረሪት ተለጥፋለች። ጓንትና መነጽር ያደረገ ጎረምሳ ፓምፑን እንዳዘለ ወደ በሩ ሲያፈገፍግ ማየት መቼም ያስቃል።

የቤቱ ባለቤት እማማ ከደጅ ሆነው፣ «እሷን ተዋት ልጄ፣ በረሮ ነው የምትለቅምልኝ» አሉ።

እውነታቸውን ነው። እንዲህ ያለችው ሸረሪት ለአደን ድር አታደራም፤ ሮጣ ነው የምትይዘው። መርዝማ ሁሉም ሸረሪት አለው ማለት ይቻላል። ሰው የሚጎዳው ግን ጥቂቱ ነው።

እኛ በትልቋ ስንሳሳቅ የልጅ ልጃቸው ከወጣው ዕቃ መሀል ዱካ ጎትታ ልትቀመጥ ስትል ዱካው ተገለበጠ። ከሥሩ ዝብርቅርቅ ያለ ድር አለ። ዓይኔን የሳበው ድሩ አይደለም፤ ሽምብራ የሚያካክሉ፣ ዙሪያቸውን እሾህ ያወጡ የእንቁላል ከረጢቶች ናቸው። ልጅቷን ብድግ አድርጌ ዞር አደረግኋት።

ሸረሪቷ ጥግ ላይ ተሰብስባለች። ትንሽ ናት፣ ቡናማ፣ እግሮቿ ዝንጉርጉር፣ ሆዷ ድብልብል ያለ። በእንጨት ነካ ሳደርጋት ተገልብጣ ወደቀች። ሆዷ ሥር ብርቱካናማ ምልክት አለ፤ ሁለት ባለ ሦስት ማዕዘን ቅርጾች ጫፍ ለጫፍ ሲገናኙ የሚሠሩት ዓይነት። ፈረንጆቹ «ጥቁር መበለት» የሚሏት ሸረሪት ዘመድ ናት። ላትሮዴክተስ የሚባለው ወገን መርዙ ነርቭ ላይ ነው የሚሠራው። ሲከፋ ጡንቻ ይጨመድዳል፣ ያልባል፣ ሆድ እስኪደርቅ ያማል፤ ሐኪም ሳይቀር ትርፍ አንጀት ሊመስለው ይችላል። የቡናማዋ ንክሻ ብዙ ጊዜ ከጥቁሯ ይቀላል፤ የተነከሰው ቦታ ላይ ብቻ አሞ ይተዋል። ለሕፃን ግን ማን ይሞክረዋል?

ረጪው አሁን ጀግና ሆኖ ፓምፑን ወደ ዱካው አዞረ። ከለከልኩት። ኬሚካሉ ለግድግዳ ነው፤ ዱካው ላይ ልጅ ይቀመጥበታል። ሸረሪቷን በጫማ ጨረስናት። ከረጢቶቹን ግን አንድ በአንድ ጨፍልቀን ድሩን ከምድጃው እሳት ጨመርነው። በአንዱ ከረጢት ውስጥ ከመቶ በላይ እንቁላል ሊኖር ይችላላ!

እማማ «ከነደፈችስ ምን ላድርግ? በምላጭ ልብጣው?» ብለው ጠየቁኝ። በጭራሽ አልኳቸው። መብጣትም መምጠጥም የለም። በሳሙናና በውሃ ታጥቦ፣ በቀዝቃዛ ጨርቅ ተይዞ ወደ ጤና ጣቢያ። ሸረሪቷ ከተገደለች በብልቃጥ ይዞ መሄድ ነው።

ማታ ሳስበው የገረመኝ ሌላ ነገር ነው። እኛ የምንረጨው ቢምቢ የምታርፍበትን ግድግዳ ነው። ይህቺኛዋ የምትኖረው ደግሞ ዕቃው ላይ፤ ከዱካ ሥር፣ ከጀሪካን እጀታ፣ ከቆመ ጫማ ውስጥ። ዕቃው ሲወጣ አብራ ትወጣለች። እኛ ረጭተን ስንሄድ ከዕቃው ጋር ተመልሳ ትገባለች። የግድግዳዋ ምስኪን ግን ቀመሰችው።

ከዚያ ወዲህ ቡድናችን የወጣው ዕቃ ፀሐይ ላይ ተገልብጦ፣ በመጥረጊያ ሥር ሥሩ ሳይጠረግ እንዳይገባ ያደርጋል። ባዶ እጅን ከጆንያ ሥር መክተት ክልክል ነው። በቀን የምንጨርሰው ቤት ቀነሰ፣ አስተባባሪውም ይነጫነጭብኛል። የእማማ ቅሬታ ግን ሌላ ነው። መንገድ ላይ ባገኙኝ ቁጥር በረሮው እንደበዛባቸው ይነግሩኛል፤ ካሳ የሚጠይቁትም እኔን ነው።