«ዩስቱ»ን በጆሮ፣ በጽሕፈትና በግሥ የለየሁበት መንገድ

የእንግሊዝኛውን «ዩስቱ» (used to) ስለይ የጀመርኩት ከድምፁ ነው፤ ፊደሉን ቀድሞ ያየ ሰው ይደናገራልና። «ተጠቀመ» ለማለትም ሆነ የቀረ ልማድን ለመናገር የሚጻፈው ያው ዩ፣ ኤስ፣ ኢ፣ ዲ ነው። ሲነገር ግን የመጀመሪያው «ዩዝድ»፣ ሁለተኛው «ዩስት» ይሆናል። ቀጥሎ በሚመጣው «ቱ» (to) ውስጥ ያለው፣ ጉሮሮን ሳያስነዝር የሚወጣው ቲ ከፊቱ ያለውን «ዝ» ወደ «ስ» ይስበዋል፤ ዲውም በቲው ይዋጣል። ጣትን ጉሮሮ ላይ አድርጎ ሁለቱን ማፈራረቅ ነው፤ «ዝ» ላይ ይነዝራል፣ «ስ» ላይ ጸጥ ይላል።

መጨረሻው ላይ ፊደላችን ያግዛል። ተከታዩ ቃል በተነባቢ ሲጀምር «ዩስተ ሊቭ»፣ በአናባቢ ሲጀምር «ዩስቱ ኢት» ብዬ በአማርኛ ጻፍኩት። ከዚያ ሁለት ዓረፍተ ነገር በስልክ ቀድቼ አነጻጸርኩ፦ «አይ ዩስተ ከት ብሬድ» (ዳቦ እቆርጥ ነበር) እና «ዘ ናይፍ አይ ዩዝድ ተ ከት ብሬድ» (ዳቦ የቆረጥኩበት ቢላዋ)። ሁለቱ አንድ ዓይነት ከተሰሙ «ዝ»ዋ ጠፍታለች ማለት ነው።

ጽሕፈት ላይ ጆሮ አይረዳም፤ ዲዋ ስለማትሰማ ብዙ ሰው ይጥላታል። በአዎንታዊ ዓረፍተ ነገር ሁልጊዜ ትጻፋለች። በ«ዲድ» ሲጠየቅ ወይም በ«ዲድንት» ሲካድ ኃላፊ ጊዜውን «ዲድ» ስለሚይዘው ትወድቃለች። እዚህም ዲዋን የሚጽፉ እንግሊዝኛ አፍ መፍቻቸው የሆነ ሰዎች አሉ፤ ለፈተናና ለመደበኛ ደብዳቤ ግን መጣሉ ይሻላል።

እኛን የሚያሳስተን «ነበር» ነው። «እሠራ ነበር»ን ቃል በቃል ወስደን «አይ ዋዝ ወርክ» እንላለን። የቀረ ልማድ ከሆነ «አይ ዩስተ ወርክ» ነው፤ «እየሠራሁ ነበር» ከሆነ «ዋዝ ወርኪንግ»፤ «ቢከፍሉኝ ኖሮ እሠራ ነበር» ከሆነ ደግሞ «ዉድ ሃቭ ወርክት»። ስለዚህ ከመተርጎሜ በፊት «አሁን ቀርቷል?» ብዬ እጠይቃለሁ። ዛሬም የሚደረግ ልማድ «ዩዡዋሊ» ይበቃዋል። «ዱባይ ሦስት ዓመት ኖርኩ» እንደሚለው የቆይታው ልክ ሲነገርም ተራው ኃላፊ ጊዜ «ሊቭድ» ነው።

«ለምጃለሁ» ሌላ ነው፦ «አይ አም ዩስተ ዌኪንግ አፕ ኧርሊ»። እዚህ «ቱ» መስተዋድድ ስለሆነ ቀጥሎ ስም ወይም ባለ«ኢንግ» ግሥ ይመጣል። በግሡ ቦታ «ዘ ኖይዝ»ን አስገብቼ እሞክራለሁ፤ ከተስማማ «ኢንግ» ያስፈልጋል። «መልመድ» ሲሆን የሚረባው «ጌት» ብቻ ነው፦ ጌትስ፣ ጎት፣ ጌቲንግ። «ዩስት» አይነካም። ስለዚህ «ዲድ ዩ ጌት ዩስተ ዘ ኮልድ?» ሲጻፍ ዲዋ አትወድቅም፤ «ዲድ» ኃላፊ ጊዜውን የወሰደው ከ«ጌት» ነውና።