ተረከዜን ዝም ያሰኘሁበት ጥቅምት

በግራ እግሬ የተረከዝ ጅማት 21 ወር ታምሜአለሁ። ከእነዚህ ውስጥ 7ቱ የሕመሙ ናቸው፤ የቀሩት 14ቱ የእኔ ናቸው። አንድ መርፌ፣ አንድ የውድድር ካናቴራ እና አንድ ማንም ያልጠየቀኝ ጥያቄ ተደማምረው ያመጡብኝ ናቸው። አስቀድሞ የነገረኝ ሰው በነበረ እያልኩ ብዙ ሌሊት ተገላብጫለሁና ቢያንስ እኔ ልናገር።

አጀማመሩ ተራ ነው። 44 ዓመት ሲሞላኝ ሆዴ ከቀበቶዬ በላይ መውጣት ጀመረና ማለዳ በመስቀል አደባባይ ደረጃዎች ላይ ከሚሮጠው ሕዝብ ጋር ተቀላቀልኩ። በሳምንት 2 ቀን ጀምሬ በአንድ ወር ውስጥ 5 ቀን አደረስኩት። በዚህ ሕመም የተያዘ ሰው ስታገኙ ጠይቁት፤ ታሪኩ እንዲህ ባለ ዓረፍተ ነገር መጀመሩ አይቀርም። ሚያዝያ 2015 አንድ ጠዋት ከአልጋዬ ስወርድ ተረከዜ እንደ ደረቀ ጠፍር ተኮማትሮ ጠበቀኝ። ከመኝታ ቤቴ እስከ ማእድ ቤት 11 እርምጃ ነው። በዚያ ሰሞን 6ኛው ላይ ይፈታልኝ ነበር። እየቆየ 11ዱንም አነክስ ጀመር፤ ከዚያም የኮንዶሚኒየሙን አራት ፎቅ ደረጃ ወርጄ ካልጨረስኩ አልላላ አለኝ። ይህን የእርምጃ ቁጥር ያዙልኝ። ከአልትራሳውንዱም ከኤምአርአዩም ይልቅ እውነቱን ሲነግረኝ የኖረው እሱ ነው።

ይህ ጅማት የባትን ጡንቻዎች ከተረከዝ አጥንት ጋር የሚያያይዝ፣ በሰውነታችን ካሉት ጅማቶች ሁሉ ወፍራሙ ነው። ስንሮጥ የክብደታችንን ብዙ እጥፍ ይሸከማል። ነገር ግን ከተረከዝ ከ2 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ያለው ክፍሉ ደም እንደ ልብ አያገኝም። የእኔም የባቄላ ፍሬ የምታህል እብጠት የተቀመጠችው እዚያው ላይ ነበር። ጡንቻ ሲሰነጠቅ በሳምንታት ይጠገናል፤ ጅማት ግን በወራት ነው የሚቆጥረው። ይህን ማንም ቁጭ አድርጎ አልነገረኝም።

የመጀመሪያው ሐኪም አልትራሳውንድ አዘዘ፤ ወፍሯል እንጂ አልተቀደደም አለ፤ ማስታገሻ ሰጠኝና «ሙሉ ዕረፍት» ብሎ ጻፈ። ሁለት ወር አረፍኩ። ሕመሙ ጠፋ። ሮጥኩ፤ በ3ኛው ቀን ተመለሰ። እዚህ ላይ ከሐኪሞች ጋር እጣላለሁ። ጅማት ሥራ ሲፈታ አይጠነክርም፤ ይደክማል። ዕረፍት ሕመሙን ያስተኛዋል፣ ስትነሳ አብሮህ ይነሳል። በእኔ እምነት «እረፍ» የሚለው ምክር፣ ምን ያህል እና ከዚያስ ምን ተብሎ ካልተጨመረበት፣ ባይሰጥ ይሻላል።

ከዚያ ወደ ፊዚዮቴራፒ ተላክሁ። ልጅቷ ገና ወጣት ነበረች፤ ከገጠሙኝ ባለሙያዎች ሁሉ ግን ሥራዋን የምታውቀው እሷ ነበረች። ደረጃ ጫፍ ላይ በእግር ጣቶች ቆሞ ተረከዝን ቀስ አድርጎ ከደረጃው በታች ማውረድ ነው፤ ጉልበት ቀጥ ብሎ 15 ጊዜ በ3 ዙር፣ ጉልበት ታጥፎም እንደዚሁ፣ ጠዋትና ማታ፣ ለ12 ሳምንት። በቀን 180 ጊዜ ይመጣል። ዘዴውን ስዊድናዊው ሐኪም ሆካን አልፍሬድሰን እና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1998 በ15 አማተር ስፖርተኞች ላይ ሞክረው ያሳተሙት ነው። ሰውዬው የራሱ ጅማት ታምሞ አለቃው ቀዶ ሕክምና ሲከለክለው፣ እንግዲያው እስኪብስበት ልጫነው ብሎ ሲጭነው ዳነለት ይባላል። «ጋሼ፣ እንደ መድኃኒት ይቁጠሩት፤ መሀል ላይ አይቋረጥም» አለችኝ።

በ4ኛው ሳምንት አቋረጥኩት። ያማል፣ ይሰለቻል፣ ደግሞም ያሳፍራል። ጎንበስ ብዬ የደረጃውን መደገፊያ ይዤ ተረከዜን ሳወርድ የሦስተኛ ፎቋ ጎረቤታችን በየማለዳው «ምነው ልጄ፣ ቁልፍ ጠፋብህ?» ይሉኝ ነበር።

አሁን ወደ ጉዳዩ እንምጣ።

መስከረም 2016 ሆዴን ታመምኩ። ታይፎይድ ይሆናል ብዬ ራሴ ወሰንኩና ከሰፈር መድኃኒት ቤት ያለ ማዘዣ ሲፕሮፍሎክሳሲን የሚባል ፀረ ባክቴሪያ ገዝቼ ለ10 ቀን ዋጥኩ። ሻጩ «ከወተት ጋር እንዳይወስዱት» አለኝ። ልክ ነበር፤ ወተት መድኃኒቱን ያሰንፈዋል። ያላለኝ ሌላው ነው። ይህ መድኃኒት ያለበት ቤተሰብ ጅማትን ሊያሳምም፣ አልፎም ሊበጥስ እንደሚችል የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2008 ከማስጠንቀቂያዎቹ ሁሉ ከባዱን አስጽፎበታል፤ ስቴሮይድ ከሚባለው የእብጠት ማብረጃ ጋር ሲገናኝ ደግሞ አደጋው ይጨምራል። በካርቶኑ ውስጥ በታጠፈው ወረቀት ላይም ተጽፎ ነበር። ያነበብኩት በታኅሣሥ ነው።

ጥቅምት ላይ የመሥሪያ ቤት ጓደኞቼ የታላቁ ሩጫ ካናቴራ ገዝተው መጡ። ለእኔም ተገዝቷል። 10 ኪሎ ሜትር ምን አላት ተባለ። እግሬን አሳየኋቸው። ከመካከላቸው አንዱ «ኃይሌስ በሲድኒ በታመመ እግሩ አይደል እንዴ ያሸነፈው?» አለ። እውነት ነው፤ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በዚያው ጅማት ሕመም እየተሰቃየ ፖል ቴርጋትን በ9 መቶኛ ሰከንድ ቀድሞታል። ከውድድሩ በኋላ ተረከዙን ቀዶ ሕክምና ማድረጉን ግን ጠረጴዛው ላይ ያነሳ ሰው አልነበረም። እኔም ባውቀው ኖሮ የማነሳው አይመስለኝም። መሮጥ ፈልጌአለሁ።

አንድ የግል ክሊኒክ መርፌ ይሰጣል፣ በሦስት ቀን ያስሮጣል ተባልኩ። ሄድኩ። ሐኪሙ ስኳር እንዳለብኝ ጠየቀ፤ የለብኝም አልኩ። የደም ግፊት እንዳለብኝ ጠየቀ፤ የለብኝም አልኩ። ሰሞኑን ምን መድኃኒት ወስደሃል የሚለውን አልጠየቀም፤ እኔም የሆድ መድኃኒት ከተረከዝ ጋር ምን ያገናኘዋል ብዬ አልተናገርኩም። ኮርቲዞን የሚባለውን ስቴሮይድ እብጠቷ አጠገብ ወጋኝ። ስነሳ «መሮጥ እችላለሁ?» አልኩት። «ካላመመዎት ይሩጡ» አለኝ።

እነዚህን ሁለት ቃላት እስከ ዛሬ እያላመጥኩ ነው። ምክር አይደሉም፤ ወጥመድ ናቸው። መርፌው የተሠራው እንዳያመኝ ነው፤ ታዲያ ሕመሙ በሌለበት ሕመምን ጠባቂ ማድረግ ምን ማለት ነው? ዘበኛውን አስክሮ አስተኝቶ፣ ዘበኛው ካልጮኸ ሌባ የለም ማለት ነው። በጅማት አጠገብ የተወጋ ሰው ለሳምንታት መሮጥና መዝለል እንደሌለበት፣ ስቴሮይድ ጅማቱን ለመቀደድ ሊያጋልጠው እንደሚችል ሊነገረው ይገባል። አንዳንድ ሐኪሞች እዚህ ጅማት ላይ ጨርሶ አይወጉም። እኔን የወጋኝ ሰው ይህን ካላወቀ ያሳዝናል፤ ካወቀም የበለጠ ያሳዝናል።

የተከተሉት ሦስት ሳምንታት በሕይወቴ ካሳለፍኳቸው ደስተኛ ቀናት ውስጥ ናቸው። የእርምጃው ቁጥር ዜሮ ገባ። ደረጃ በሩጫ ወረድኩ። ባለቤቴ «ያልታከመ ነገር እንዴት ዳነ?» አለችኝ። በዚያ ዓመት ከሰማኋቸው የሕክምና ጥያቄዎች ሁሉ ምርጡ ይህ ነበር፤ የመለስኩላትም በሳቅ ነው።

በኅዳሩ ሩጫ ላይ ሰው ከሰው ተጣብቆ ይዘፍናል፣ ይጨፍራል፤ ሩጫ ከማለት ሠርግ ማለት ይቀላል። አንድ ዳገት ላይ ክፍተት አገኘሁና ጓደኞቼን ለመቅደም ፈጠን አልኩ። ከኋላዬ አንድ ሰው ተረከዜን ረገጠኝ። ዞርኩና ከኋላዬ ያለውን ወጣት «አታይም እንዴ!» ብዬ ጮኽኩበት። ልጁ ደንግጦ «ይቅርታ ጋሼ» አለኝ። ልጁ ከእኔ ሁለት ሜትር ያህል ይርቅ ነበር። የረገጠኝ ሰው አልነበረም፤ ጅማቴ ነው የተቀደደው። ያ ወጣት ላልሠራው ጥፋት ይቅርታ ጠይቆኝ በጭፈራው መካከል ጠፋ። ሳላገኘው የቀረሁት ዕዳዬ ነው።

እናቴ ከደብረ ብርሃን ደውላ ወጌሻ ጋ ካልሄድክ አለች። የሚያሸኝ ከሆነ እሸሻለሁ ብዬ ሄድኩ። ሽማግሌው በሁለት ጣት ዳሰሱኝ፤ እጃቸውን ወዲያው አነሱ። «ይህ አጥንት አይደለም፤ የሚታሽም አይደለም። ሐኪም ቤት ሂድ» አሉ፤ ገንዘብም አልተቀበሉኝም። ስለ ወጌሻ ክፉ ለማውራት የሚቸኩል ሰው ሲገጥመኝ ይህን እነግረዋለሁ። የማያውቁትን አልነካም ያሉ በዚህ ታሪክ ውስጥ እሳቸው ብቻ ናቸው።

ሆስፒታል ውስጥ በሆዴ አስተኝተው ባቴን ጨመቁት፤ የእግሬ መዳፍ ተንቀሳቀሰ። ሙሉ በሙሉ ተበጥሶ ቢሆን አይንቀሳቀስም ነበር። ኤምአርአዩ በከፊል ተቀዷል አለ። ተረከዙ ላይ ሦስት ሽብልቅ የገባበት የሕክምና ቦት ለ8 ሳምንት አሰሩልኝ፤ ሽብልቆቹ በየተራ ይወጣሉ።

በክራንች ወደዚያ ክሊኒክ ተመለስኩ። የፈለግሁት ካሳ አልነበረም፤ ምን እንደተወጋሁ የሚገልጽ ወረቀት ብቻ ነበር፤ አዲሱ ሐኪም ጠይቆኛል። ካርዱ ጠፍቷል ተባልኩ። በ2ኛው ቀን ተገኘ። የመርፌው ስምም መጠንም አልተጻፈበትም፤ የከፈልኩት ገንዘብ ግን እስከ ሳንቲሙ አለ። ሐኪሙ ከበር ላይ ሆኖ «አልፎ አልፎ ያጋጥማል» አለኝ። አልፎ አልፎ እንደሚያጋጥም ከታወቀ ከመርፌው በፊት መንገር ስንት ደቂቃ ይወስዳል?

ከመሥሪያ ቤት ጋር ያለውን አሳጥረዋለሁ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሕመም ፈቃድ እስከ 6 ወር ነው፤ የመጀመሪያው ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት በግማሽ፣ የቀሩት ሦስት ያለ ደመወዝ። እኔ የመጀመሪያውን ወር ለመጀመሪያው ሐኪም «ዕረፍት» በየሁለት ቀኑ ቆራርጬ ጨርሼው ነበር፤ ቦቱን ሳስር ወዲያው ወደ ግማሹ ገባሁ። የሕመም ፈቃዳችሁን አትበትኑት፤ በ12 ወር ውስጥ የተወሰደው ሁሉ ይደመራል።

ከቦቱ ስወጣ በግራ እግሬ ብቻ ቆሜ ተረከዜን አንድ ጊዜ እንኳ ማንሳት አልቻልኩም። በቀኙ 25 ጊዜ አነሳለሁ። ወደዚያችው የፊዚዮቴራፒ ልጅ ተመለስኩ፤ ስለ መርፌው ስነግራት ዝም አለች፤ ዝምታዋ ከስድብ ይከብድ ነበር። መጀመሪያ በሁለት እግር፣ ቀጥሎ በሁለት ወጥቶ በአንድ መውረድ፣ ከዚያ በአንድ። በ5ኛው ወር ከመመሪያው ወጣሁ። በየቀኑ 180 ጊዜ ከማድረግ በሳምንት 3 ቀን ብቻ፣ ቀስ ብዬ፣ ከባድ ጭኜ ሠራሁ። ባለ 5 ሊትር የዘይት ጀሪካን ውኃ ሞልቼ በጀርባ ቦርሳ አዘልኩ፤ ከዚያ ሁለት፣ ከዚያ ሦስት። ልጅቷ መጀመሪያ ቅር አላት፤ በኋላ ግን ክብደት ጨምሮ በዝግታ መሥራትም የታወቀ መንገድ ነው አለችኝ። ለእኔ በየቀኑ ከመሠቃየት ይሻላል፤ በሁለቱ መካከል ያለውን ቀን ጅማቱ ለራሱ ይጠቀምበታል።

ሲሠራ ትንሽ ቢያምም አላቆምኩም። የምፈራው የሥራውን ሰዓት ሳይሆን የማግስቱን ጠዋት ነበር። እርምጃው ከትናንቱ ከጨመረ አንድ ጀሪካን አወርዳለሁ፤ ካልጨመረ እቀጥላለሁ። ማስታገሻ ውጦ የሠራ ሰው ይህን ሚዛን ያጣዋል፤ ስለዚህ በሥራ ቀን ማስታገሻ አልነካሁም።

የሦስተኛ ፎቋ ጎረቤታችን ውኃ ሲጠፋ «ልጄ፣ ያን የምትሸከመውን ለምን ወደ እኔ ቤት አታደርሰውም?» አሉኝ። አደረስኩላቸው፤ ከዚያ ወዲህ በየሳምንቱ ቅዳሜ አደርሳለሁ።

ጥር 2017 ላይ ጃንሜዳ ዙሪያ 20 ደቂቃ ሮጥኩ፤ ሁለት ደቂቃ እየሮጥኩ አንድ እየተራመድኩ። በግራው 22 ጊዜ ተረከዜን ማንሳት ችዬ ነበር። የግራው ባቴ አሁንም ከቀኙ በአንድ ሴንቲ ሜትር ተኩል ይቀጥናል፤ በባለቤቴ የስፌት ሜትር በየወሩ መጀመሪያ እለካዋለሁ። ዛሬ ጠዋት 2 እርምጃ ነበር።