ቢራ የተደፋበት አደባባይ

ከፕራግ በባቡር አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ነው። ቼኮቹ ከተማዋን ፕልዘን ይሏታል። "ፒልስነር" የሚባለው ቢራ ስሙን ያገኘው ከእሷ ነው። እኔም ልዋሽ አልችልም፣ የሄድኩት ለቢራው ነው። ልቤ የቀረው ግን አደባባዩ ላይ ነው።

መሃሉ ላይ የቅዱስ በርተሎሜዎስ ካቴድራል ቆሟል። ማማው ከ100 ሜትር ይበልጣል፤ በአገሩ የሚስተካከለው የቤተ ክርስቲያን ማማ የለም። ወጣሁት፤ ጉልበቴ እስካሁን ይወቅሰኛል። ፊት ለፊት ግድግዳው በሥዕል ያጌጠ ማዘጋጃ ቤት አለ። አስጎብኚያችን በሩ ላይ አቆመችንና "ቢራው የተደፋው እዚህ ነው" አለች።

ነገሩ ወዲህ ነው (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ንጉሥ ቫስላቭ 2ኛ በ1295 ከተማዋን ሲቆረቁር ለቤት ባለቤቶቿ ቢራ የመጥመቅ መብት ሰጠ። ታዲያ ሁሉም እንደ እጁ ይጠምቃል፤ አንዱ ሲጣፍጥ ሌላው ይኮመጥጣል። በ1838 ትዕግሥት አለቀ። 36 በርሜል የተበላሸ ቢራ ሕዝብ እያየ ማዘጋጃ ቤቱ ፊት ተደፋ። ባለመብቶቹ ከዚያ በኋላ የጋራ ፋብሪካ ሠሩ፤ ዮሴፍ ግሮል የሚባል ጠማቂም ከባቫሪያ አስመጡ። የከተማዋ ውሃ ለስላሳ ነው። እሱ በዚህ ውሃ ላይ ያልጠቆረ የገብስ ብቅልና የዣቴትስ ከተማ ሆፕ ጨመረ፤ ሆፕን የእነሱ ጌሾ በሉት። በ1842 የወጣው ቢራ እንደ ወርቅ ያበራ ነበር። ጠቆር ያለ ቢራ ለለመደ ሰው ጉድ ነው።

ፋብሪካው ሥር ኪሎ ሜትሮች የሚረዝም ዋሻ አለ። በበጋ ሙቀት በቲሸርት ገባሁ፤ ቅዝቃዜው አጥንት ይሰብራል። ጥርሴ እየተንቀጫቀጨ ከእንጨት በርሜል የተቀዳ፣ ያልተጣራ ቢራ ጠጣሁ። ይመራል። ጣዕሙ የገባኝ በሁለተኛው ብርጭቆ ነው።

ማታ ወደ አደባባዩ ተመለስን። በሜይ 1945 ከተማዋን ነጻ ያወጣው የአሜሪካው ጄኔራል ፓተን ሠራዊት ነው። በኋላ ሥልጣን የያዙት ኮሚኒስቶች ይህ እንዲወራ አልፈለጉም። በጁን 1953 ደግሞ መንግሥት ገንዘብ ሲቀይር የሰዉ ቁጠባ በአንድ ሌሊት እንደ ጉም በነነ። የሽኮዳ ፋብሪካ ሠራተኞች ሥራ ጥለው ወጡ፤ ሰልፈኛው ማዘጋጃ ቤቱን ጥሶ ገባ። የስታሊንና የአገሩ ኮሚኒስት መሪ የነበረው የጎትዋልድ ምስሎች በመስኮት ተወረወሩ።

"የት ወደቁ?" አልኳት አስጎብኚያችንን።

የቆምንበትን ድንጋይ በጫማዋ መታ መታ አደረገች።